ከሜዳው የወጣ ስም

ጥቅምት 19

ብርድ። ጠዋት የቧንቧው ውሃ ረግቶ አገኘሁት። ሰላም ከምድጃው ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ቀድታ ፊቷን ታጠበች፣ ለእኔ አልተረፈም። ምን እላለሁ? ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከምትሠራ ሴት ጋር የተጋባ ሰው መጨቃጨቅ አይችልም። ቤትም ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ ብቻህን ስትጮህ ታፍራለህ።

ቢሮ ምንም የለም። አንድ የስልክ ስርቆት፣ አንድ የጠላ ቤት ድብድብ። ዮናስ ኮምፒውተሩ ላይ እጁን ሲያሞቅ ዋለ። «አለቃ፣ በዚህ ብርድ ሰው አይገደልም፤ ገዳዩ እጁን ከጋቢው ማውጣት አለበት» አለኝ። ሳቅሁ። ሳጅን ሆኖ እንዲህ የሚያስቅ ሰው ሌላ አላውቅም።

ማታ ሽሮ። ሰላም ስለ አዲሱ መደርደሪያ ነገረችኝ። ግማሹን ሳልሰማ ተኛሁ።

ጥቅምት 22

ዮናስ ተሳሳተ። ከአንኮበር በታች፣ ከገበያ ወደ መንደር በሚያወርደው መንገድ ላይ ሬሳ ተገኘ። ዘርአ ዳዊት ይባላል፤ በግ ነጋዴ። ማጅራቱን ተመቶ ከመንገዱ ወደ ቁጥቋጦው ተጎትቷል። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ገደማ በጎቹን እየነዳ ከገበያ ሲወጣ ታይቷል። በጎቹ የሉም። የግራ እግሩ ጫማም የለም።

ጉም ነበር። አንኮበር ላይ ጉም ሲወርድ አምስት እርምጃ ራቅ ያለ ሰው ጥላ ነው የሚመስለው። በጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ቁጥቋጦውን ትገልጣለች። ማስረጃ እንዳታበላሽ ብዬ ተቆጣሁ።

«ጫማውን ነው» አለችኝ ቀና ሳትል። «አንድ እግሩን ባዶ አድርጌ አልቀብረውም።»

ሚስቱ ናት። በሰለች። አታለቅስም፣ ትፈልጋለች። ወደ ገደሉ ጫፍ ስትወርድ እጇን ይዤ አወጣኋት። ሻካራ፣ ግን ሙቅ እጅ... ይህን ለምን እጽፋለሁ? የሰው ሬሳ ፊቴ ተጋድሞ።

ጥቅምት 26

ዛሬም አንኮበር። ቃሏን ለመቀበል። ቃሏን ትናንትም ተቀብዬ ነበር። ለኮማንደሩ «ያልተሟላ ነገር አለ» አልኩት። ምን እንደሆነ እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁ።

«ጠላት ነበረው?»

«በግ ነጋዴ የሚጨቃጨቀው ሰው እንጂ ጠላት የለውም፣ ኢንስፔክተር።»

ፀጉሯን ተላጭታለች። ጥቁር ለብሳለች። ተላጭታ እንዲህ የምታምር ሴት አይቼ አላውቅም፤ ጆሮዋ፣ አንገቷ፣ ሁሉ ነገር ሜዳ ላይ ወጥቷል። ቆሎ አቀረበችልኝ። ስትነሳና ስትቀመጥ ዓይኔን ማስታወሻዬ ላይ ተክዬ ቆየሁ። ምንም አልጻፍኩበትም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ብሩክ ከደብረ ሲና መጥቷል። እዚያ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ጠንካራ ሰውነት ያለው፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው። ለቅሶ ሊደርሱ የገቡ አንድ አዛውንት ደጃፉ ላይ ቆመው «ለመሆኑ በዚህ ቤት ወንድ አለ?» አሉ። ብሩክ ሰማ። መስማቱን እኔም አየሁ። ደም መመለስ በዚህ አገር በሕግ ቀርቷል፤ በአፍ አልቀረም።

ኅዳር 1

ዛሬ አውጫጭኝ ተጠራ። ከተማ ያሉት የሕግ ምሩቆች ይስቁበታል። ካሜራ በሌለበት፣ መብራት በሌለበት አገር ምን ይዘው እንደሚመረምሩ መጥተው ያሳዩኝ።

የቀበሌው ሰው በሙሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ሜዳ ላይ ወጣ። ሰብሳቢው አባባ ተክለጊዮርጊስ ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ከጎናቸው። ሰው ተራ በተራ ይቀርባል። «ያየሁትን ብደብቅ ዘሬ አይብቀል» ብሎ ይምላል፤ ከዚያ ያየውን በሽማግሌዎቹ ጆሮ ያንሾካሹካል። ማን ምን እንዳለ አይወጣም። በኋላ ሽማግሌዎቹ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚሉት። ወፏ ማን እንደሆነች የሚጠይቅ ሰው ነውረኛ ነው።

በሰለችም ተራዋ ደርሶ ቀረበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እንዳለች ማወቅ አማረኝ። ለምርመራው አይደለም። አባባ ተክለጊዮርጊስ የሰሙትን ድምፅ እኔ ስላልሰማሁ ቀናሁ... በሰማንያ ዓመት ሽማግሌ።

ኅዳር 3

አባባ ተክለጊዮርጊስ አስጠሩኝ። ከቤታቸው ኋላ ካለው ገብስ ማሳ ዳር ተቀመጥን።

«ወፏ ወልደተንሣኤን ብላለች» አሉ። «ጠይቡን። በዚያ ቀን ማታ በዚያ መንገድ ሲመጣ የታየ እሱ ነው።»

ጠይብ ብረት የሚሠራ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ሁሉ እሱ ይሠራላቸዋል። ቤቱ ግን አይበሉም። ዓይኑ ይበላል ይላሉ።

«ያመኑበት ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በዚህ አገር ጠይብ ላይ ጣት ለመቀሰር ማመን አያስፈልግም። ለዚህ ነው አንተን የጠራሁህ። አጣራ። ስሙ ከእኛ ከሦስታችንና ካንተ አይወጣም። ሳይጣራ ከሜዳው የወጣ ስም ደም ነው።»

እሺ አልኩ። ሲመርቁኝ ጎንበስ አልኩ።

ኅዳር 5

ወልደተንሣኤን አገኘሁት። ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ ወንዙ ማዶ ነው ቤቱ። ሚስቱ ማኅደረማርያም ወናፉን ትነፋ ነበር፤ እኔን ስታይ ከሰል ላምጣ ብላ ወጣች። ድንጋይ በጋቢው ጠርጎ አስቀመጠኝ።

«ወፏ እኔን ብላለች አይደል?» አለ ገና ሳልጀምር።

«ሁሉንም ሰው ነው የምንጠይቀው።»

ሳቀ። ጥርሱ ነጭ ነው። «ላም ስትነጥፍ እኔ ነኝ። ሕፃን ሲያተኩሰው እኔ ነኝ። ሰው ሲሞትማ እንዴት እቀራለሁ፣ ጌታው?»

በዚያ ቀን ከቀትር ጀምሮ ማዶ ያለ ገበሬ ቤት ማረሻ ሲገጥም እንዳመሸ ነገረኝ። ሲሸኘኝ እጁን አልዘረጋልኝም፤ እጁን የማልጨብጠው መስሎት ይሆን? ዘርግቼ ጨበጥኩት። በዚህ ራሴን ወደድኩት። ሰው በትንሽ ነገር ራሱን ይወዳል።

ኅዳር 6

ገበሬውን አገኘሁት። ማረሻው አዲስ ነው፣ አየሁት። ወልደተንሣኤ ከቀትር እስኪጨልም ድረስ ከእሱ ጋር ነበር፤ ማታ በዚያ መንገድ ነው የተመለሰ። ዘርአ ዳዊት በዚያ ሰዓት ሞቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር። ጉዳዩ አለቀ ማለት ይቻላል። ምስክሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው «ይቻላል» የምለው።

የበጎቹን የጆሮ ምልክት ለደብረ ሲና፣ ለደነባና ለአረርቲ ገበያዎች አስተላለፍኩ። ዘርአ ዳዊት የገዛውን በግ እዚያው ገበያው ላይ ቀኝ ጆሮውን በምላጭ ይሰነጥቅ ነበር አሉ። እዚህ ላይ ነው መያዝ ያለብኝ፣ በበጎቹ።

የማረሻውን ነገር ለአባባ ተክለጊዮርጊስ ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 7

አባባ ተክለጊዮርጊስ ዘንድ አልደረስኩም። መጀመሪያ ወደ እሷ ሄድኩ።

በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንድገባ አላለችኝም።

«ኢንስፔክተር፣ ሰው ማውራት ጀምሯል። የሚነግሩኝ ነገር ከሌለ ከእንግዲህ አይመላለሱ።»

ምርመራው እንደቀጠለ ነገርኳት። ሁሉም እሱን ነው የሚለው፣ አለች። ከዚያ ድምጿ ወረደ።

«ምንጭ ወርጄ ውሃ ስቀዳ አጠገቤ የምትቀዳው የገዳዩ ሚስት ትሁን፣ እህቱ ትሁን አላውቅም። እንዴት አደርሽ ትለኛለች። እግዜር ይመስገን እላታለሁ። ይህን ያውቁታል እርስዎ? ስሙን ብቻ። እኔ ሴት ነኝ፣ ምን አደርገዋለሁ?»

የሚነግሩኝ ከሌለ አይመላለሱ... ይህን ብቻ ነበር የምሰማው።

ስሙን ነገርኳት።

«ገና አልተጣራም» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው። «ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አለቀሰች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። አስገባችኝ። እጄን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው። እኔም እጄን ወደ ጉንጯ አወረድኩ። አልመለሰችውም። ሌላ ምንም አልሆነም። እዚህ ላይ እምላለሁ፣ ሌላ ምንም።

ስመለስ ጉሙ ተገልጦ ቆላው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። መኪናውን አቁሜ አየሁት። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደ ኮረዳ ደስ አለኝ።

ኅዳር 8

ጢሜን ስላጭ ሳፏጭ ሰላም በመስታወቱ አየችኝ።

«ምን አገኘህ?»

«ምንም።»

ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ሄደች።

ኅዳር 10

ለአባባ ተክለጊዮርጊስ ዛሬም አልደወልኩም። የማረሻውን ነገር ለእሳቸው ከነገርኩ ለእሷም መንገር አለብኝ። ያኔ ምን ይዤ እሄዳለሁ? ባዶ እጄን? በጎቹ እስኪገኙ ልቆይ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ምን ያመጣል።

ኅዳር 12

ወልደተንሣኤ ሞተ።

ኅዳር 13

ኅዳር ሚካኤል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው። ነጠላውን እንዳጣፋ። ብሩክ ቁልቁለቱ ላይ ጠብቆ በጎማ መፍቻ ብረት መታው። ወልደተንሣኤ «ምን አደረግሁህ?» ብሎ ጠየቀው አሉ። ያዩ ሰዎች ነገሩኝ። ሁለቴ ጠየቀው አሉ።

ብሩክ አልሸሸም። በገዛ እግሩ ጣቢያ መጥቶ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የወንድሜን ደም መለስኩ።»

ቃሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? ነፍስ ግድያ የእኔ ክፍል ነው። ዮናስ ከጎኔ ተቀምጧል።

«እሱ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«አገር ያውቀዋል» አለ።

ዮናስ ወደ እኔ ዞረ። «አለቃ፣ አገር ከየት አወቀ? ስሙ ሽማግሌዎቹና አንተ ጋ ብቻ አልነበረም?»

ውሃ ጠማኝ ብዬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ቆሜ ጠጣሁ። ደጋግሜ ጠጣሁ።

ኅዳር 16

በጎቹ ደብረ ሲና ተገኙ። ቀኝ ጆሯቸው የተሰነጠቀ። የያዛቸው አንድ ደላላ ነው፤ በዚያ ቀን ገበያ ላይ ለዘርአ ዳዊት በጎቹን ያሻሻጠው እሱ ራሱ ነው። ዮናስ ገና ሁለተኛ ጥያቄ ሳይጠይቀው ለፈለፈ። በጉሙ ተከትሎት ወረደ። በዱላ መታው። ጫማውን ጠየቅሁት።

«ስጎትተው ወለቀ። ገደል ወረወርኩት» አለ።

ለብሩክ የነገርኩት እኔ ነኝ። እስር ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሁሉን ነገርኩት፣ በጎቹን፣ ደላላውን፣ ማረሻውን።

«ታዲያ እኔ ማንን ነው የገደልኩት?» አለኝ።

መልስ የሚጠብቅ ይመስል ዓይኑን አነሳ። ያን ያህል ቀን መሬት መሬት ሲያይ የኖረ ሰው።

ኅዳር 20

በሰለች ለብሩክ ስንቅ ይዛ መጣች። ከአንኮበር ድረስ። ስትወጣ ግቢው ውስጥ ያዝኳት። «ቆይ» አልኳት፣ «አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እርስዎ» ማለቷን ትታለች።

«ምን ፈለግህ?»

«ለማንም እንዳትናገሪ ብዬሽ ነበር።»

«ለወንድሙ ነው የነገርኩት። ወንድሙ ማንም ነው?»

ሳህኗን በእጇ አዙራ አዙራ አየችው። ታጥቧል፣ ንጹሕ ነው። አሁንም ታዞረው ነበር።

«ለምን ትመላለስ እንደነበር አላወቅሁም መስሎህ ነው? ሞኝ አይደለሁም። እጅህን ያልመለስኩት ስም ይዘህልኝ ስለመጣህ ነው። የባሌን ገዳይ ስም። እኔስ እሱ ይሆናል ብዬ ነው። አንተ ምን ብለህ ነው?»

ምን ብዬ ነው...

«ማን ነገረሽ ሲሉኝ ወፍ እላለሁ» አለች። «ላንተ ብዬ አይደለም። ሐዘኗ ሳይወጣ ፖሊስ እያስገባች ስም ሸመተች እንዳልባል ነው።»

ሄደች። ከኋላዋ ሳያት እንኳ እወዳት ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። ያን ሁሉ ብላኝ ሄዳ፣ አንገቷን እያየሁ ቆምኩ።

ታኅሣሥ 4

ዛሬ ሽማግሌዎቹ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ደም ለማድረቅ ተቀመጡ። የወልደተንሣኤ ዘመዶች ከሩቅ ቀበሌ መጥተዋል፤ ሁሉም ባለ እጅ ናቸው፣ ከሕዝቡ ተለይተው ከዳር ተቀመጡ። ማኅደረማርያም መካከላቸው ናት። ዕርቁ ከመጀመሩ በፊት ስሙን ከሜዳው ያወጣው ሰው ይታወቅ አሉ። ያልተገባ ነገር አልጠየቁም።

ስሙን ያውቁ የነበሩ ሁሉ ይማሉ ተባለ። ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማሉ። ከዚያ አባባ ተክለጊዮርጊስ ተነሥተው ማሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ለካ የልጅ ልጃቸውን የዳሩት ለዘርአ ዳዊት ዘመድ ነው። «አማች ነው፣ ምን ይጠበቃል» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። ሽማግሌው ሰሙ። መስቀሉን ሁለተኛ ጊዜ ሳሙት፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እኔ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

«እርስዎ ይቆዩ፤ የመንግሥት ሰው በእኛ መሐላ አይገባም።»

ተመስገን አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። እፍረቱ ግን አላስማለኝም። እዚያው ቆምኩ።

ታኅሣሥ 11

ለደላላው ክስ ቦታውን ለማሳየት ወረድኩ። ገብሱ ደርሷል። በየማሳው ደቦ ነው፤ ሰው ተሰልፎ እየዘፈነ ያጭዳል። የአባባ ተክለጊዮርጊስ ማሳ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። እሳቸውና ባለቤታቸው። ደቦ ጠርተው ማንም አልመጣላቸውም አለኝ ዮናስ። ሽማግሌው ሁለት ሦስት ጭብጥ ያጭዱና ጉልበታቸውን ይዘው ቀና ይላሉ። እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ። መስታወቱን ዘጋሁት።

ቤት እንደገባሁ ሰላም ካልሲ ትጠግን ነበር።

«ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። በዚያችው በቤተ መጻሕፍት ድምጿ።

ነገርኳት። ከጫማው ጀምሬ እስከ ደቦው ድረስ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ካልሲውን አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ለእሷ ለመናገር አንድ ቀን አልፈጀብህም» አለች። «ለሽማግሌው ምን ያህል ጊዜ ነው የሚፈጅብህ?»

ብርድ ልብሷን ይዛ ሌላው ክፍል ገባች። ድሮም ዝም የምትል ሴት ናት። የዛሬው ዝምታ ግን እኔን የሚጠብቅ አይደለም።

ታኅሣሥ 12

አልሄድኩም።

ታኅሣሥ 15

ዛሬም አልሄድኩም። ኮማንደሩ ስለ ደላላው ጉዳይ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። «ፈጣን ሥራ» አለ። ሰው አጨበጨበ። ዮናስ አላጨበጨበም። ያውቃል ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ?

ታኅሣሥ 20

ይህን የምጽፈው ከጣቢያው እስር ክፍል ነው። ብዕሩን የሰጠኝ ዮናስ ነው። አሳምሬ የማውቀው ክፍል ነው፤ ስንቱን አስገብቼበታለሁ። ብርዱ ከውስጥ ሆነህ ስታየው ሌላ ነው።

ትናንት ጠዋት ኮማንደሩ ቢሮ ገብቼ ነገርኩት። ሽጉጤንና መታወቂያዬን አስረከብኩ። መጀመሪያ አላመነኝም፣ ከዚያ ተሳደበ፣ ከዚያ ተቀመጠ። አንድ ነገር ለመንኩት፤ ሳልታሰር አንኮበር ልውረድ አልኩት። ገብርኤል ነው፣ ሕዝቡ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ዮናስ ይዞኝ ሄዶ ይዞኝ እንዲመለስ ታዘዘ። አንኮበር ልንደርስ ስንል «አለቃ» ብሎኝ ማርሽ ቀየረ።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። አባባ ተክለጊዮርጊስም መጥተዋል፣ ከሁሉ ኋላ፣ ብቻቸውን። ሄጄ ከቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ፊት ቆምኩ። የደንብ ልብሴን አልለበስኩም።

«እኔም ስሙን አውቅ ነበር» አልኩ። «አልማልኩም። አሁን የመንግሥት ሰው አይደለሁም።»

መስቀሉን ያዝኩ።

«ስሙ ከእኔ አፍ ነው የወጣ። አባባ ተክለጊዮርጊስ ንጹሕ ናቸው። ወልደተንሣኤም ንጹሕ ነው፤ ከመሞቱ ከስድስት ቀን በፊት የት እንደነበረ አጣርቼ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።»

ለማን እንደነገርኩ አልጠየቁኝም። ሁሉም ያውቃል መሰለኝ። በሰለች ከሴቶቹ መካከል ነበረች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ አየሁ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ አላየሁም።

አባባ ተክለጊዮርጊስ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ይመርቁኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ይረግሙኛል ብዬ ነበር።

«የማረሻውን ነገር ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ስልክ አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

ሰዎች ከፊት ቦታ ለቀቁላቸው። አልተቀመጡበትም፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከእንግዲህ አውጫጭኝ አልሰበስብም ማለታቸውን ዛሬ ዮናስ ነገረኝ። ሌላም የሚሰበስብ አልተገኘም።

ወደ መኪናው ስሄድ ማኅደረማርያም ተከተለችኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ቀርባ አናግራኝ አታውቅም። እጇ ላይ የወናፉ እሳት የተወው ጠባሳ አለ። ራቅ ብላ ቆመች፤ ከሰው ጋር ስታወራ ሁልጊዜ የምትቆመው በዚያ ርቀት ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ጌታው።»

«ጠይቂኝ።»

«ያን ጊዜ ስሙን ሲናገሩ... እሱ ነው ብለው አምነው ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። አምኜ ነበር ብላት ለእኔም ለእሷም ይቀል ነበር። ወሩን ሙሉ ለራሴ ያልኩት እሱን ነው፤ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፣ ገና አልተጣራም።

«አላመንኩም ነበር» አልኳት። «ለእሷ የምነግራት ሌላ ስም አልነበረኝም።»

ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«እኔ አምኜ ነበር» አለች። «ብሩክ ገድሎት፣ ሰው ሁሉ የዘርአ ዳዊት ገዳይ ነው ሲል፣ ያን ቀን አምሽቶ ነበርና... ማረሻ ላደርስ ያለኝ ውሸት ይሆን እንዴ ብዬ አመንኩ። ሰልስቱ እስኪወጣ እንደ ነፍሰ ገዳይ ነው ያለቀስኩለት። ከልጆቼ ጋር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲያስ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁት ነበር» አለች።

ወደ ዘመዶቿ ተመለሰች። ዮናስ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ ገባሁ።